ሁለት ኃይል ያለው የቤተ ሰብ አውቶሞቢል

በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሞላ፤ ደግሞም በቤንዚን የሚሄድ የቤተ ሰብ አውቶሞቢል ለብዙ ዘመን ሊይዝ ያሰበ የነቀምቴ አባወራ፤ ከዋጋው አስቀድሞ መንገዱን ይቍጠር። ክራይዝለር ፓሲፊካ የተባለው ሰባት ሰዎችን ይይዛል፤ ባትሪውም ሲሞላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ሌሊት ከቤት ተሰክቶ ያደረው ለትምህርት ቤትና ለገበያ ምልልስ ይበቃል። አዲስ አበባ ግን 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና፤ ብዙውን ጊዜ ባኮ ሳይደርስ ሥራው የቤንዚኑ ሞተር ይሆናል።

ከከተማ የማይወጣ ቤተ ሰብ ቤንዚኑን ይረሳዋል፤ ቤንዚንም ሲቆይ ይበላሻል። ስለዚህ ሞተሩ አልፎ አልፎ በራሱ ተነሥቶ አሮጌውን ያቃጥላል፤ ድምፁን የሰማች እመቤት ተበላሸ ብላ አትደንግጥ። (የሚደነግጡ ባሎችም አይታጡም።) ይሁን እንጂ የቤንዚኑ መያዣ ባዶ አይደር፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ከሐኪም ቤት የሚያደርሳት እርሱ ነው።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የሻንሲውን ቍጥር ያስመርምር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2022 የ2017ንና የ2018ን ሥሪት ስለ እሳት አደጋ ለጥገና ሲጠራ፤ ባለቤቶቹ ገመድ እንዳይሰኩና ከቤት አርቀው እንዲያቆሙ አስታውቆ ነበርና፤ ጥገናው መፈጸሙ ሳይታወቅ ልጆች ከሚተኙበት ግድግዳ ሥር አይቁም።