ለግራፍ ሲል ቤቱን ያስያዘው ሰው

አለቃችሁ ፊት ግራፍ አቅርባችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ማርኬቲንግ ላይ የምንሠራ ሰዎች ቀለምና ጌጥ እናበዛለን። ስታትስቲክስ የተማረው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ተፍቲ ግን ቁጥርን በንጹህ ሥዕል ማሳየትን የዕድሜ ልክ ሙያው አደረገ። ስለ ግራፍ የጻፈውን መጽሐፍ እሱ በሚፈልገው ጥራት ለማውጣት ቤቱን አስይዞ ተበደረ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በራሱ አሳተመው።

ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ለቁጥሩ የማይጠቅም ጌጥ ይውጣ፣ ሥዕሉም ከቁጥሩ በላይ አይናገር። ለምሳሌ ሽያጫችሁ ከ100 ወደ 105 ካርቶን ቢያድግ ጭማሪው 5 በመቶ ነው። የግራፉን መነሻ 95 ላይ ካደረጋችሁት ግን ዓምዱ እጥፍ ያደገ ይመስላል። አለቃችሁ ይደሰቱ ይሆናል፤ ያን አምነው ብዙ ዕቃ ካዘዙ ግን መጋዘን ውስጥ ይከርማል።

የነገውን ሪፖርት ከማቅረባችሁ በፊት የግራፋችሁ ዓምዶች ከዜሮ መነሳታቸውን እዩ።