ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ

ውድ እኅቶች፣ ዛሬ የምጽፈው ባሎቻችሁ አሜሪካ ለሚኖሩ ነው። እዚህ ቢታ ገነትም ሆነ ቦንጋ ባሕር ለይቷቸው የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ። ባል በየዓመቱ ለአሜሪካ መንግሥት ገቢውን ያስታውቃል። ሚስት የዚያ አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ ባትሆንም፣ ሁለቱ ከተስማሙ በአንድ ቅጽ አብረው ማስታወቅ ይችላሉ። ግብሩ ብዙ ጊዜ ስለሚቀንስ ባል «ፈርሚልኝ» ይላል፤ እርስዋም «እሺ» ትላለች።

በዚያ ፊርማ ግን ሚስት የትም ያገኘችውን ገቢ፣ ከጓሮዋ የሸጠችውን ቡና ሳይቀር፣ ለአሜሪካ ማስታወቅ ይኖርባታል። ግብር ጎድሎ ቢገኝ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ2020 የግብር ዘመን ወዲህ የቅጹ የፊት ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ በዓመቱ ውስጥ እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ንብረት ተቀብላችኋል ወይስ ሸጣችኋል? መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ባል ከአሜሪካ ውጭ ባለ የክሪፕቶ መገበያያ ቢትኮይን ገዝቶ፣ አትርፎ ሸጦ፣ ለሚስቱ ሳይነግራት «አይ» ብሎ ቢሞላ፣ ከሐሰቱ ሥር የእርስዋም ፊርማ አለ። ሐናንያና ሰጲራ እንኳ ተማክረው ነበር!

«ድርጅቱ ውጭ አገር ነው፣ ማን ያየዋል?» የሚሉ አሉ። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ከ2014 ጀምሮ ቢትኮይንን እንደ ንብረት ስለሚቆጥረው፣ የትም ቢሸጥ ትርፉ ግብር አለበት። በውጭ አገር ባንኮች ያለው ገንዘብ ድምር በዓመቱ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈም ለብቻው ሪፖርት ይደረጋል። በ2020 መጨረሻ የወጣ ማስታወቂያ ክሪፕቶ ብቻ ያለበትን ሒሳብ ለጊዜው ከዚህ ሪፖርት ውጭ አድርጎታል፤ ደንቡን ለመለወጥ ማሰቡንም በዚያው ገልጿል። በዚያው ሒሳብ ዶላር ወይም ዩሮ ከተቀመጠ ግን ይቆጠራል። ብዙ አገሮችም መገበያያዎቹ የደንበኞቻቸውን መረጃ ለግብር ሰብሳቢ እንዲሰጡ፣ አገሮቹም እርስ በርስ እንዲለዋወጡት ተስማምተዋል፤ የመጀመሪያው ልውውጥ የታቀደው ለ2027 ነው።

«በቢትኮይን ልላክልሽ» ቢልሽም እሺ አትበይ። ብሔራዊ ባንካችን በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን በ2022 አስታውቋል።

እንግዲህ የፊርማውን ገጽ ብቻ ከላከልሽ፣ ሙሉውን ቅጽ እንዲልክልሽ ጠይቂው። ለዚያ ጥያቄ ምን ብሎ መለሰ? ገንዘቡስ በየትኞቹ መገበያያዎች ነው ያለው? እንግሊዝኛው ከከበደሽ የምታምኚው ሰው ያንብብልሽ። ሳታውቂ ፈርመሽ ከሆነ፣ የትዳር ጓደኛውን ስሕተት ያላወቀ ሰው ከዕዳው ነፃ እንዲወጣ የሚያመለክትበት ቁጥር 8857 የተባለ ቅጽ አለ። ለየብቻ ማስታወቅም ይቻላል፤ ግብሩ ይበዛ ይሆናል እንጂ የሚከለክል የለም።