አንድ ፓኬት ለሁለት በሬ

«ደስታ» ይባል የነበረው የከብት በሽታ ስሙና ግብሩ ፈጽሞ የማይገናኝ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን ገበሬውን ያለ በሬ ያስቀረው ይኸው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ የላቦራቶሪዎቹ ስም ቀድሞ ተነሣ፤ ይገባቸዋልም። ይሁን እንጂ በሽታው በኢትዮጵያ እስከ መጨረሻው ከቆየባቸው ስፍራዎች አንዱ በሆነው በአፋር፣ የሐኪም መኪና በማይደርስበት ቦታ ከብቶቹን የከተቡት ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው ለአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ያለ ማቀዝቀዣ እስከ አንድ ወር የሚቆይ፣ ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት መሠራቱም ሥራቸውን አቀለለው።

ያ ሁሉ ሆኖ፣ ዛሬም ስለ ማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሲነሣ «ጥቂት ሳምንት የተማረ ሰው እንዴት መርፌ ይጨብጣል?» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ሥጋታቸውን አላቃልልም። ጥያቄው ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ያረፈ ይመስለኛል።

ገንዲን እንመልከት። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዲሚናዚን ነው፤ መጠኑም ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 3.5 ሚሊ ግራም ነው። በብዛት የሚሸጠው ፓኬት 1,050 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ 300 ኪሎ ለሚመዝን አንድ ከብት ይበቃል። አቅም ያነሰው ገበሬ ግን አንዱን ፓኬት እያንዳንዳቸው 250 ኪሎ ለሚመዝኑ ሁለት በሬዎች ያካፍላል። ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚደርሰው 2.1 ሚሊ ግራም ብቻ ይሆናል። በሬዎቹ ለጊዜው ያገግማሉ፤ ከመድኃኒቱ የተረፈው ተሕዋስ ግን ይበልጥ የጠነከረው ነው። በጊቤ ሸለቆ የገንዲ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን መላመዳቸው በምርምር ከታወቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ያመጣው የማኅበረሰብ ሠራተኛው ነው ማለት አይቻልም፤ መድኃኒቱን ከገበያ ገዝቶ ራሱ የሚወጋ ባለ ከብት ሞልቷልና። ሠራተኛውን ብናግደው መርፌው ከመንደሩ አይጠፋም፤ የሚጠፋው መጠኑን የሚያውቀው ሰው ነው።

ምህንድስና በተማርኩበት አገር የቤተ ሙከራ መምህራችን ትክክለኛነቱ ባልተረጋገጠ ሚዛን የተገኘን ውጤት አይቀበሉም ነበር። የከብት ክብደት ግን በአብዛኛው የሚገመተው በዓይን ነው። የደረት ዙሪያን ለክቶ ክብደትን የሚያሳይ ሜትር፣ ልብስ ሰፊ ከሚይዘው ብዙም የማይለይ፣ ይህን ግምት ያርማል። ሠራተኛው ሜትሩን፣ የታከመውን ከብትና የሰጠውን መጠን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ያንንም መዝገብ በየወሩ ገልጦ የሚጠይቀውን የእንስሳት ሐኪም ካገኘ፣ ሥልጠናውን በሁለት ሳምንት ከማራዘም የበለጠ ለውጥ ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

መስፈርት አልጠፋም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 ለእነዚህ ሠራተኞች ዝቅተኛ ብሔራዊ መስፈርት አውጥታለች፤ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 የብቃትና የሥልጠና መመሪያ አሳትሟል። የጎደለው ገንዘቡ ነው፤ በተለይም የሠራተኛው ገቢ። ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ከመድኃኒት ሽያጭ በሚያገኙት ጥቂት ትርፍ ነው። ድርቅ ሲመጣ ርዳታ ሰጪ ድርጅት በመኪና መጥቶ መድኃኒት በነጻ ያድላል፤ በዚያ ወቅት ከሠራተኛው የሚገዛ አይኖርም። ርዳታው ሲያበቃ ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ሄዷል፤ የቀረውም ቢሆን ዕቃውን የሚያሟላው ምንጩ ካልታወቀ የገበያ መድኃኒት ነው። በጎ አድራጎቱ ጥራቱን አፈረሰው ማለት ነው።

ታዲያ ድኻው ከየት አምጥቶ ይክፈል? በኬንያም በኢትዮጵያም የተሞከረ መንገድ አለ፤ ኩፖን። ድኻው ቤተሰብ ኩፖን ይሰጠዋል፣ በኩፖኑ ከመንደሩ ሠራተኛ ሕክምና ያገኛል፣ ሠራተኛውም ኩፖኑን ለፈቃድ ያለው የመድኃኒት ቤት አስረክቦ ይከፈለዋል። ከብቱ ይታከማል፣ ሠራተኛውም በቦታው ይቆያል። ድኾቹን በትክክል መለየትና የኩፖን ማጭበርበርን መከላከል ግን ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጠንካራ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይጠይቃል።

በቦረናና በሶማሌ ክልል ድርቅ ከብቱን በፈጀበት ጊዜ ከዋሽንግተን እስከ ሪያድ ያሉ ወገኖቻችን ገንዘብ አዋጥተዋል። በሚቀጥለው ጊዜ መዋጮ ለሚሰበስበው ኮሚቴ ሁለት ጥያቄ ቢያቀርቡለት እወዳለሁ፦ መድኃኒቱ የሚገዛው ከማን ነው? በዚያ ቀበሌ ለዓመታት ከብት ሲያክም የኖረው ሰውስ ከዚህ ገንዘብ ይከፈለዋል?