የተደበቀው ወታደር ማን ቤት አደረ?

ጅማ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ ጦር ይመራል እንበል። ጨዋታው «ክሎዝ ኮምባት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ፣ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚያጫውት፣ ደካማ ኮምፒውተር ላይም የሚሠራ አሮጌ ጌም ነው። ተማሪው አንድ የእግረኛ ጓድ ሲመርጥ ትዕዛዞች ይደረደሩለታል፦ ሂድ፣ ፈጥነህ ሂድ፣ አድፍጠህ ሂድ፣ ተኩስ፣ መክት።

ጀማሪ ተጫዋች «ፈጥነህ ሂድ» ይልና ልጆቹን ሜዳ ላይ በመትረየስ ያስፈጃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ይማራል። አጥሩን፣ ቦዩን፣ የቤቱን ጥግ እያስያዘ ጓዱን አድፍጦ ያስጠጋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ወታደሮቹም ይደክማሉ፤ ነገር ግን በሕይወት ይደርሳሉ። ጌሙ ከብዙዎቹ የሚሻለው ደግሞ ወታደሩ ሰው መሆኑን ባለመርሳቱ ነው። ሲፈራ መሬት ይዞ ይተኛል፤ ሲብስበት ትዕዛዝ አይቀበልም፤ ይሸሻል።

አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ጓዱ እየተሽሎከሎከ የሚያልፍባቸው ቤቶች ሁሉ ባዶ ናቸው። በር የሚከፍት እናት፣ የሚጮህ ውሻ፣ «እነማን ናችሁ?» የሚል ሽማግሌ የለም።

ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። በእውነተኛ ጦርነት አድፍጦ መሄድ የወታደሩ ችሎታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ግማሹ ያየው ሰው ዝም ማለቱ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ኖርማንዲ ወይም ስታሊንግራድ መሄድ አያስፈልግም። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ የሚሻገረው የጎጀብ ወንዝ ይበቃል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከዚያ ሩቅ፣ ሰሜን ነው።

በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። ገና በጉዞ ላይ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላን ደበደባቸው፤ ከሠራዊታቸው ብዙው ተበተነ። ቀን በሜዳ በሰልፍ የሚሄድ ጦር ለአውሮፕላን ቀለብ መሆኑን ያኔ አዩ። ታኅሣሥ 5 ቀን ግን ጠላትም የእሳቸውን ተራ አየ። ጦራቸው ከንጋት በፊት ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና በር ላይ የጣሊያንን ኃይል ባላሰበው ሰዓት ያዘው። ጣሊያኖቹ ሁለት ሰው የሚይዙ ሲቪ 33 የተባሉ ትንንሽ ታንኮች ነበሯቸው። እነዚህ ታንኮች የሚዞር አናት የላቸውም፤ መትረየሳቸው የሚተኩሰው ወደ ፊት፣ በጠባብ አቅጣጫ ብቻ ነው። በሩቅ ሜዳ ላይ ቢገናኙ ያ ጦር ያልቅ ነበር። ተጠግቶ፣ በጎንና በኋላ ሲመጣባቸው ግን ብረቱ ለውስጡ ሰው ወጥመድ ሆነ። ጌም የሚጫወት ሰው ይህንን ወዲያው ይረዳዋል፤ ታንክን በእግረኛ ማሸነፍ የሚቻለው እስከ አፍንጫው ድረስ ሳይታዩ ከደረሱ ነው።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። የካቲት መጨረሻ ላይ የሽሬ ግንባር በመድፍና በአውሮፕላን ተሰበረ፤ መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ። ራስ እምሩ እንደራሴ ተብለው ጎሬ ገቡ። በምዕራብ ደግሞ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ውጭ የተማሩ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ማድፈጥን ያውቁ ነበር። ሰኔ 1928 ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ሌሊት ደርሰው አቃጥለዋል።

ከአውሮፕላኑም በላይ የሚያስገርመው ደንባቸው ነው። የማኅበሩ ደንብ የፖለቲካ አመራሩን ከጦር አመራሩ በላይ አደረገ፤ ለምርኮኛ ሰብዓዊ አያያዝ አዘዘ፤ ገበሬውን ማንገላታት ከለከለ። ይህ የመጨረሻው የጽድቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጦር ስልት ነው። የተበደለ ገበሬ ባለበት አገር ውስጥ ማድፈጥ የለም።

ራስ እምሩ የጥቁር አንበሳን መሪነት ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ተንቀሳቀሱ፤ መንገዱ ሲዘጋባቸው ወደ ደቡብ አፈገፈጉ። ጎጀብ ላይ ተከበው ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ ደሴት ላይ ታሰሩ።

እዚህ ላይ ጌም የለመደ አእምሮ ይጠይቃል፦ ያን የመሰለ ጫካ እያለ እንዴት ተያዙ? የደምበጊናው አዛዥ፣ የቦናያዎቹ ልጆች፣ ጥቅጥቅ ያለ የቡና ጫካ! በጌም ካርታ ላይ ጫካ አረንጓዴ ቀለም ነው፤ የገባበት ሁሉ ይሸሸጋል።

የቡና ጫካን የሚያውቅ ግን እንዲህ አያስብም። ከላይ ሲያዩት ዋንዛው፣ ብሳናውና ሰሳው ሰማዩን ሸፍኖታል፤ ለአውሮፕላን አይታይም። ከሥር ግን ሌላ ነው። ገበሬው ከለቀማ በፊት የቡናውን ሥር ይመነጥራል፤ ቁጥቋጦው ይጸዳል። ታኅሣሥ ደግሞ የለቀማ ወቅት ነው። አጋሮም ይሁን ሊሙ፣ ጌራም ይሁን ጎጀብ ዳር፣ በዚያ ወር ቡና ያለበት ጫካ ሕፃን አዋቂው የሚውልበት የሥራ ቦታ ነው። ሰው ሲያልፍ ጉሬዛና ጦጣው ይንጫጫል፤ ውሻው ይከተላል። በለቀማ ወቅት እዚያ ሳይታይ የሚያልፍ ጦር የለም። ጥያቄው ያየው ሰው ምን ያደርጋል ነው።

ያ ሰው በ1929 ምን ምክንያት ነበረው? ጅማ በአባ ጅፋር ዘመን ለምኒልክ እየገበረች ራሷን ታስተዳድር ነበር፤ ያ ነጻነት በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲያበቃ ጣሊያን ሊመጣ ጥቂት ዓመታት ቀርተውት ነበር። ከጎጀብ ማዶ ያለው ከፋ በጦር የተያዘው በ1889 ነው፤ ከዚያ በኋላ ገባርነትንና የሰው ፍንገላን አይቷል። የወለጋና የአካባቢው መሪዎች በዚያው በ1928 የእንግሊዝ ሞግዚትነት እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር። ጦሩ የተራበና ጥይት የጨረሰ፣ ጠላትም ከሁለት ወገን የመጣ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሕዝቡን ነገር ሳይጨምሩ የጎጀብን ታሪክ መናገር ግማሹን መተው ነው። የጥቁር አንበሳ ደንብ ትክክል ነበር፤ የዘገየ ነበር። የአርባ ዓመት ቂም በጥቂት ወራት ደንብ አይሻርም።

ተቃራኒውን ማስረጃ ከአራት ዓመት በኋላ ያው አካባቢ ሰጠ። ከወሊሶ አካባቢ የተነሱት ገረሱ ዱኪ አገሬው ውስጥ ተወልደው ያደጉ፣ ቋንቋውንና ባላገሩን የሚያውቁ አርበኛ ነበሩ። የጣሊያን ጦር በአውሮፕላንም በባንዳም አሳዶ ሳይጨርሳቸው ቀረ። ጅማ ሰኔ 14 ቀን 1933 ከጣሊያን እጅ ስትወጣ የእሳቸው አርበኞች በዙሪያዋ ነበሩ። ጫካው ያው ነው፣ ጠመንጃውም ብዙ አልተለየም። የተለየው በሩን የሚከፍተው ሰው ነው።

በሩን የከፈተው ሰው ግን ዋጋ ከፍሏል። የግራዚያኒን የግድያ ሙከራ ያደረጉት ሁለት ሰዎች በደብረ ሊባኖስ በኩል አልፈዋል ተብሎ፣ ግንቦት 1929 በመቶዎች የሚቆጠሩ መነኮሳት ተረሸኑ። ጣሊያን አርበኛ አሳድሯል ያለውን መንደር አቃጥሏል። ለዚህ ነው ታሪካችን «የውስጥ አርበኛ» የሚል ስም ያወጣው። እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት መረጃና ስንቅ እያቀበሉ ተይዘው ተሠቃይተዋል። ስማቸው የታወቀው ጥቂቶች ናቸው። አንድ ሌሊት ሃያ ሰው አብልታ፣ ጠዋት ዱካውን በመጥረጊያ ያጠፋችው ሴት ስም የትም የለም።

«ጌም ጌም ነው፤ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ቼዝም ገበሬ የለበትም፤ ማንም በቼዝ አልተሳሳተም። ለዚያ ተማሪ አድፍጦ መሄድን መምረጡ ብልህነት ነው፤ ከጭፍን ግስጋሴ ይልቅ የሰው ሕይወት ማዳንን ይማርበታል። አሳሳቢው በባዶ ቤቶች የተሞላው ያ ካርታ ከጌሙ ወጥቶ ወደ ዜናችን መግባቱ ነው።

ባለፉት ዓመታት በስልካችን ያነበብናቸውን የጦርነት ጽሑፎች ማስታወስ ነው። «ኃይላችን ሌሊት አድፍጦ ገባ»፣ «ጠላት ሳያየው ከበበው»፣ ሥሩ ላይ የእሳት ምልክትና ጭብጨባ። የጻፈው ከከተማ ወይም ከባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። ኃይሉ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ያ ሌሊት ማን ቤት እንደታደረ፣ የማን እህል እንደተበላ የሚጠይቅ የለም። በአገራችን ግጭት ባለባቸው ቦታዎች የሚኖር ገበሬ ግን መልሱን በልቡ ያውቀዋል። ሌሊት አንዱ መጥቶ «አብላ» ይላል፤ ቀን ሌላው መጥቶ «ለምን አበላህ?» ይላል። ሁለቱም የታጠቁ ናቸው። እሱ የሚመርጠው ትዕዛዝ የለውም፤ አድፍጦ መሄድም አይችልም፤ ቤቱ፣ ከብቱና ቡናው እዚያው ናቸው።

እናም የስልት ብልጫን የሚያደንቅ ሁሉ ሂሳቡን እስከ መጨረሻው ይሥራ። የተደበቀ ወታደር ሁሉ የተደበቀው አንድ ሰው ጀርባ ነው። ያ ሰው ወዶ ከሆነ አርበኝነት ይባላል፤ ተገዶ ከሆነ ግን መያዣ ሆኗል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የጦሩን መግለጫ ማንበብ አይጠቅምም። በማግስቱ ጠዋት ያንን በር ማንኳኳት ነው።

የጥቁር አንበሳ ልጆች ይህን በ1928 ደንብ አድርገው ጽፈውታል። ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው።