ናይሮቢ ያልተጠራችበት ስብሰባ

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የደቡብ አፍሪካዊው የጋቪን ሁድ ፊልም «አይ ኢን ዘ ስካይ» የሁሉንም ወገን ክርክር በፍትሐዊነት እንዳቀረበ ሲወደስ እሰማለሁ። እኔን የሚከነክነኝ ማን ተከራካሪ፣ ማን ታዛቢ ሆኖ መቅረቡ ነው።

ታሪኩ ናይሮቢ ውስጥ ነው። አንድ ቤት ውስጥ የአልሸባብ ሰዎች ለአጥፍቶ መጥፋት ፈንጂ ይታጠቃሉ፤ ከግቢው ውጪ አሊያ የምትባል ሕፃን ዳቦ ትሸጣለች። ቤቱን ሊመታ የተዘጋጀውን ድሮን የሚያበርረው ወታደር ያለው ኔቫዳ፣ ፈቃድ የሚሰጡት ሹማምንት ለንደን ስብሰባ ላይ ናቸው። ሹማምንቱ ኃላፊነቱን ወደ በላይ ይገፉታል። የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲንጋፖር ላይ ሆዱን እያመመው፣ የአሜሪካው አቻው ደግሞ ቻይና ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ እየተጫወተ ይጠየቃሉ። የኬንያ ሚኒስትር ግን ሲጠየቅ አናይም። ሰፈሩ የኬንያ ነው፤ ልጅቷ የኬንያ ልጅ ናት። በስብሰባው ላይ ስለ አፍሪካ ለመናገር ሥልጣን ያላትም እንግሊዛዊት ናት!

ከሁሉ የከፋብኝ የቁጥሩ ነገር ነው። ልጅቷ የመሞት ዕድሏ ከ50 በመቶ በታች ካልሆነ ፈቃድ አይገኝም። ሄለን ሚረን የምትጫወታት ኮሎኔል ፓወል ስሌቱን የሚሠራውን የበታቿን አስጨንቃ 45 ታስብለዋለች። አሊያ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ውሳኔው ቀድሞ ስላለቀ ሒሳቡ ተከተለው። ብዙ ጦርነት የተጀመረው እንዲህ ባለ ሒሳብ ይመስለኛል፤ ኢራቅ ላይ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለ ተብሎ የተዘመተበትን 2003ን ማስታወስ ይበቃል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአሜሪካ ድሮኖች ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚነሡ በ2011 ተገለጠ። መሣሪያ አልታጠቁም ተባለ፤ በ2016 መጀመሪያ ደግሞ በረራው ማብቃቱ ተነገረ። ያነሡት ምስል የት ለተፈጸመ ጥቃት እንደዋለ ሕዝቡ የመጠየቅ መብት ነበረው፤ ዛሬም አለው።

በፊልሙ ማብቂያ አላን ሪክማን የሚጫወተው ጀኔራል፣ ወታደር የጦርነትን ዋጋ ያውቃል ብሎ ስለ አፍሪካ የምትናገረውን ያችን እንግሊዛዊት ይገሥጻታል፤ ተመልካቹም ከእርሱ ጋር ይቆማል። ይህ አይዋጥልኝም፤ ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሰው ነው። የአሊያ አባት ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ልጁን ሰፈሩን ከያዙት ታጣቂዎች ደብቆ ያስተምራል። በጥቃቱ ስትቆስል ወደ ሐኪም ቤት ያደረሷት እነዚያው ታጣቂዎች ናቸው፤ መትረየሳቸውን ከመኪናው ላይ አውርደው ቦታ ለቀቁላት። ይህን አባት ማን ያነጋግረው፣ ማንስ ይካሰው የሚል ጥያቄ ያነሣ አንድም ባለሥልጣን በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም።