ለውሻ ነው ተብሎ የሚወረወረው ሳንባ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያም ስለ ዘርም አይደለም። ስለ ውሻችሁ ነው። ትንሽ ቆጣ ብዬ ብጽፍም አትቀየሙኝ።

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞር ቪዲዮ አለ። አንድ ፈረንጅ ለውሻው ጥሬ ጉበትና ጥሬ ሥጋ በሳህን ያቀርባል። «ውሻ የተኩላ ዘር ነው፣ ተፈጥሮው ጥሬ መብላት ነው» ይላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ኢያን ቢሊንግኸርስት የሚባል አውስትራሊያዊ የእንስሳት ሐኪም በ1993 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፎበት ብዙ ተከታይ አፍርቷል። ግን እዚያው ፈረንጅ አገርም ሁሉም አልተቀበለውም፤ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ለውሻና ለድመት ያልበሰለ ሥጋ መስጠትን እንደማይደግፍ በይፋ አስታውቋል። ከእናንተ አንዳንዶቹ ታዲያ ይህን ቪዲዮ እያሳያችሁ «አየህ፣ እኛ ድሮም ልክ ነበርን» ትሉኛላችሁ።

የለም፣ ልክ አይደላችሁም። የዚያ ሰውዬ ጉበት በቄራ ሐኪም ታይቶ የወጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በማቀዝቀዣ ውስጥ ደርቆ የከረመ ነው። የእናንተስ? በግ ጓሮ ውስጥ ይታረዳል፣ ሆዱ ይከፈታል፣ ጉበቱ ይገላበጣል። ንጹሕ ከሆነ ወደ ቤት ይገባል። ውሃ ያዘለ ከረጢት ያለበት ከሆነ «ይሄ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ይቆረጥና ይወረወራል። ለማን? ለውሻ። ልብ በሉ እንግዲህ፤ ውሻችሁን የምታበሉት ሥጋ ብቻ አይደለም። ከበጉ ውስጥ የታመመውን ቦታ መርጣችሁ፣ በቢላ ለይታችሁ፣ እሱን ነው የምታበሉት። ለዚህ በሽታ ከዚህ የተሻለ መንገድ ልንሠራለት አንችልም ነበር።

ያ ከረጢት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በውስጡ ያለው ውኃ ብቻ አይደለም። ዓይን የማይለየው የትል ጫጩት ሞልቶበታል። ውሻው ሲውጠው እያንዳንዱ ጫጩት አንጀቱ ላይ ይጣበቅና ትል ይሆናል። ትሉ የኮሶ ትል ዘመድ ነው፤ ግን እንደ ኮሶ ረጅም አይደለም፣ ርዝመቱ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። በአንድ ውሻ አንጀት ውስጥ በሺዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከስድስትና ሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር መውጣት ይጀምራል። ሣር ላይ፣ ኩሬ ዳር፣ ጎመን መደብ ላይ፣ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። ርጥበትና ብርድ ባለበት ቦታ ለወራት አይሞትም። የእኛ ደጋ ደግሞ ርጥበትም ብርድም አላነሰውም።

በግ፣ ፍየል፣ ከብት፣ ግመል ሣሩን ሲግጡ እንቁላሉን ይውጡታል፤ ጉበታቸውና ሳንባቸው ላይ ከረጢት ያበቅላል። ሰውም እንደዚሁ። ልጃችሁ ውሻውን ሲያሻሽ ይውልና እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። በቃ፣ ገባ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ላስተካክል። ሰው ይህን በሽታ የሚይዘው ከረጢት ያለበትን ጉበት በመብላት አይደለም። ስለዚህ «እኛ አልበላነውም፣ ለውሻ ነው የሰጠነው» የምትሉት መከላከያ ሳይሆን በሽታውን ወደ ቤት ማስገቢያ በር ነው። ጉበቱን ብትቀብሩት ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። በውሻው በኩል አሳልፋችሁ ግን ለልጃችሁ ትመልሱታላችሁ።

ሰው ላይ ሲወጣ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው። ከረጢቱ ለዓመታት ሳያሳምም ሊያድግ ይችላል። ልጅ ሆኖ የዋጠው ሰው ጎልማሳ ሆኖ ሆዱ ያብጣል፣ ቀኝ ጎኑን ይወጋዋል፣ ሳንባው ላይ ከሆነ ያስለዋል። ከረጢቱ ውስጥ ሰውነት ላይ ከፈነዳ በድንገት ሊገድል ይችላል። ሕክምናው እንደ ሁኔታው ወራት የሚፈጅ መድኃኒት ወይም ቀዶ ጥገና ነው፤ ለዚያም ትልቅ ሆስፒታል ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ስንት በግ ተሸጦ? እናንተው ቁጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በማንኛውም ጊዜ በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ በሽታና ዘመዱ አለበት። በደቡብ ኦሞ ድንበር ማዶ ያሉት የኬንያ ቱርካናዎች በዓለም ላይ በብዛት ከተጠቁት ሕዝቦች መካከል ናቸው። እንደ ብዙዎቻችሁ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ውሻቸውም ከቤታቸው አይለይም።

አሁን ወደ በጉ ልመለስ፣ ምክንያቱም ስለ ሰው ሲነገር «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላችሁ የምታልፉ ሰዎች በግ ሲሞትባችሁ ግን ትሰሙኛላችሁ። ዙሪት፣ አንዳንድ ቦታም አዙሪት የምትሉትን ታውቁታላችሁ። በጉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ይጥላል፣ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ከመንጋው ይነጠላል፣ አጥር ይገጫል። ዓይን ነው፣ ነፋስ ነው ስትሉ እሰማለሁ። ዓይንም ነፋስም አይደለም። አንጎሉ ውስጥ ውኃ ያዘለ ከረጢት አለ፤ የዶሮ እንቁላል እስኪያክል ሊያድግ ይችላል። ይህም የመጣው ከውሻ አንጀት ከሚወጣ ሌላ ትል እንቁላል ነው።

ታዲያ በጉ መዞር ሲጀምር ምን ታደርጋላችሁ? ከመሞቱ በፊት ታርዱታላችሁ። እሺ፣ እስከዚህ አልቃወምም፣ ሥጋው ይበላል። ግን ጭንቅላቱስ? ጭንቅላቱን ለውሻ! ውሻው አጥንቱን ፈልጦ አንጎሉን ይልሳል። ከረጢቱ ላይ የምታዩት ነጫጭ ነጥብ ሁሉ እያንዳንዱ አንድ ትል መሆን የሚችል ነው። ያ ውሻ በሚቀጥለው ወር የመንደሩን ግጦሽ ሁሉ ይዘራበታል። በመጪው ዓመት ሌላ ጠቦት ይዞራል፣ እሱም ይታረዳል፣ ጭንቅላቱ ለውሻ። እንዲህ እያላችሁ ዙሪትን ራሳችሁ ታረቡታላችሁ፤ በጉ ብቻ አይደለም የሚዞረው እላለሁ አንዳንዴ።

የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። «ውሻዬ ጤነኛ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሌሊት ሙሉ ይጮሃል።» ልክ ነው፣ ጤነኛ ይመስላል። ትሉ ውሻውን እምብዛም አይጎዳውም፤ ለዚህም ነው ማንም የማይጠረጥረው። «አባቶቻችንም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።» አዎ፤ አባቶቻችንም በግ እየዞረባቸው ያርዱ ነበር። «እኛስ ቁርጥ እንበላ የለ?» ትላላችሁ፤ ቁርጥ የራሱ ኮሶ አለው፣ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። «ጥሬ ያልበላ ውሻ ኃይል የለውም፣ አይናከስም» የሚለው ደግሞ ወሬ ነው። የተቀቀለ ሳንባም የጠገበ ውሻ ያደርጋል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የእናንተ ጓሮ ብቻ አይደለም። አንድ የማውቀው የከተማ ቄራ አለ፣ ስሙን አልጠራም። ሐኪሙ የታመመውን ጉበት በትክክል ይለያል፣ አይሸጥም ይላል፣ ያስጥላል። የሚጣለው ግን ከአጥሩ ሥር ካለ ክፍት ጉድጓድ ነው፤ አጥሩም ተቀዷል። የከተማው ውሻ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። ተመርምሮ፣ ተለይቶ፣ ተመዝግቦ ለውሻ ከተሰጠ ምርመራው ምን ጠቀመ? እናንተ ጉድጓድ ቆፍሩ ብዬ ስነግራችሁ ቄራው ባለመቆፈሩ አፍራለሁ።

ይቻላል ወይ ለምትሉኝ ግን ይቻላል። አይስላንድ የምትባል የበግ አገር አለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህ የጉበት ከረጢት ሕዝቧን እየጨረሰ ነበር። ሃራልድ ክራቤ የሚባል ዴንማርካዊ የእንስሳት ሐኪም ሄዶ ውሾቹን መረመረና ትሉን አገኘ። በ1864 እ.ኤ.አ. ለገበሬው በቀላል ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ ታትማ በየቤቱ ታደለች። በ1869 ደግሞ ሕግ ወጣ፤ ከረጢት ያለበትን ሥጋ አቃጥሉ ወይም ቅበሩ የሚል። ዛሬ በእጃችን ያለው ዓይነት መድኃኒት ያኔ አልነበረም። ገበሬው መጽሐፏን አነበበ፣ ለውሻ መወርወሩን ቀስ በቀስ ተወ፣ በሽታው ከአገሪቱ ጠፋ። እናንተ ስልክ አላችሁ፤ እነሱ የነበራቸው የጭስ መብራት ነበር።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከረጢት ያለበት ጉበት፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ጣፊያ፣ የዞረ በግ ጭንቅላት ለውሻ አይሰጥም፣ አበቃ። ሜዳ ላይም አይጣልም፤ ጅብና ቀበሮ አሉ። ሁለት ክንድ ያህል ጥልቀት ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ በላዩም ድንጋይና እሾህ ጫኑበት፣ ውሻ ቆፋሪ ነው። ከረጢቱን በቢላ አትውጉት፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት። ንጹሕ የሚመስለውን ሳንባም ቢሆን ለውሻ ለመስጠት ካሰባችሁ ቆራርጣችሁ ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። ማገዶ ውድ ነው ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ስለዚህ መቅበሩ ይቀላል፤ ውሻው የእንጀራ ፍርፋሪና የወጥ ትራፊ ይብላ።

በተለይ የፋሲካ፣ የመስቀል፣ የገና እና የአረፋ ሰሞን መንደሩ በአንድ ቀን ያርዳል። ውሻው ሁለት ወር ጾሞ ከርሞ በአንድ ቀን ከአሥር ቤት ይጠግባል። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ከሚቆፍር እድሩ ከበዓሉ በፊት አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፍር፣ ክዳን ይሥራለት። ቅርጫ የምታርዱም እንደዚያው፤ ሥጋውን በመደብ ስትከፋፈሉ የታመመውን የሚቀብር አንድ ሰው አብራችሁ መድቡ።

ስለ ድመት ባጭሩ። ድመት ይህን የጉበት ከረጢት አታመጣም፤ የራሷ ጣጣ ግን አላት። ጥሬ ሥጋና አይጥ የምትበላ ድመት ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ በዓይነ ምድሯ ልታወጣ ትችላለች። በጓን ያስጨነግፋል፤ እርጉዝ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ከያዛት ጽንሱን ይጎዳል። ድመት የበግ መኖ ክምር ላይ እንዳትጸዳዳ ከልክሉ፣ እርጉዝ እህቶቻችንም የድመት ዓይነ ምድር አይጥረጉ።

በአባ ሰንጋ የሞተ ወይም የተጠረጠረ እንስሳ ደግሞ ለውሻም ለማንም አይከፈትም፤ ሳይነካ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ለበግ የገዛችሁትን አልቤንዳዞል ግማሹን ለውሻ የምትሰጡ አላችሁ፤ አንድ ጊዜ ስለሰጣችሁት ይህን ትል አያጠፋውም። አይቨርሜክቲንም የዚህ ዓይነት ትል መድኃኒት አይደለም። ፕራዚኳንቴል በውሻው ክብደት ይሰላል፣ ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም፤ የ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በምግብ ውስጥ ሸሽጋችሁ ስጡት፣ በየሦስት ወሩ ይደገም፤ ዙሪት በበዛበት ቀበሌ በየስድስት ሳምንቱ ቢሆን ይሻላል። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ከሰጣችሁት በኋላ ውሻውን ሁለት ቀን እሰሩት፣ የሚያወጣውንም ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ክሊኒኩ «መድኃኒቱ የለም» ካላችሁ አንድ አንድ ሆናችሁ አትመለሱ። በእድራችሁ ስንት ውሻ እንዳለ ቆጥራችሁ፣ ዝርዝሩን ይዛችሁ በእድሩ ዳኛ በኩል ጠይቁ፤ ለአንድ ውሻ የማይታዘዝ መድኃኒት ለስልሳ ውሻ ይታዘዛል። ዝርዝሩን ለእኔም በስልክ ላኩልኝ፣ ወረዳ ስሄድ ይዤው እገባለሁ።