የዓይን ሕሙማን ወረፋ መላ ይሻል

የአንድ አገር ዕድገት የሚለካው በፋብሪካዎቿ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ አምራቹ ሕዝብ ስለ ጤናው ባለው ዋስትና ጭምር ነው። የዓይን ብርሃኑን ያጣ ሠራተኛ ከምርት ይለያል፤ በትር ይዞ የሚመራው ልጁም ከትምህርት ገበታ ይነጠላል።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ የግማሽ ያህሉም መንስኤ የዓይን ሞራ መሆኑን አረጋግጧል። ከመቶ 87 ያህሉ ሊወገድ ይችል የነበረ ነው። ስለዚህ ችግሩ የዕጣ ፈንታ ሳይሆን የአገልግሎት ሥርጭት መዛባት ውጤት ነው። ሰፊው ሕዝብ በገጠር ሲኖር፣ የዓይን ሐኪሞች በአብዛኛው በአዲስ አበባና በትላልቅ ከተሞች ተወስነዋል።

በመሆኑም መነጽር ብቻ የሚያሻው፣ ሞራ የጋረደውና ግላኮማ የያዘው በአንድ ሆስፒታል በር በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ሞራ ቢዘገይም በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን ከቶ አይመለስም። ሁሉን እኩል የሚያስጠብቅ ወረፋ እኩልነት አይደለም።

መፍትሔው ሐኪሙን በማማረር አይገኝም። ጤና ጣቢያዎች ሕሙማንን ለይተው ይላኩ። የሠለጠኑ ነርሶች በትራኮማ የታጠፈ ሽፋሽፍትን በቀዶ ሕክምና እንደሚያቃኑ ሁሉ፣ የሞራ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችም በየአካባቢው ሆስፒታል በብዛት ይመደቡ፤ ሌንስ አይቋረጥባቸው። የቀበሌው ነዋሪና ዕድሩ ቤት የዋሉትን አዛውንት ፈልገው ለጤና ጣቢያው ያሳውቁ። የሠራተኛ ማኅበራትም ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ላለፈ አባሎቻቸው የዓይን ምርመራ ይጠይቁ።

ሊድን የሚችል ዓይን ተራ ሲጠብቅ ሊጠፋ አይገባም!